ጉማሬውና 10 ግራሟ

ጅማ እንግዳ ሲመጣብኝ ጥያቄው ያው ነው። "ቦዬ ጉማሬ አለ አሉ፣ አታሳየኝም?" ቦዬ ወደሚባለው ረግረግ እንሄዳለን። ብዙ ጊዜ የምናየው ሁለት ጆሮና አፍንጫ ነው። ፀሐይ ቆዳውን ስለሚያደርቀው ቀኑን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ወጥቶ ሣር ይግጣል። ሲተነፍስ ውሃው ፏ ይላል፣ እንግዳው ስልኩን ያወጣል። ደስ ይላል፣ አልክድም።

እኔን ግን ሰሞኑን የያዘችኝ ሌላ ናት። መስከረም ሲጠባ ከአውሮፓና ከሩሲያ የሚመጡ ትንንሽ ወፎች አሉ። አንዷ ጀርባዋ አረንጓዴ ነገር ነው፣ ሆዷ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ከዓይኗ በላይ ፈዘዝ ያለች ሰረዝ አለቻት። ቅጠሉን በታች በኩል ታየዋለች፣ ትል ካለ ለቀም፣ ከሌለ ወደ ሌላው ቅርንጫፍ። አታርፍም። ክብደቷ 10 ግራም ቢሆን ነው። ጉማሬውን 1,500 ኪሎ ብንለው፣ እሱን ለማከል 150,000 ወፍ ያስፈልጋል።

ጉማሬው በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ያህል ሣር ይበላል። ብዙ ይመስላል፣ ግን ከክብደቱ 3 በመቶ አይሞላም። እሷ በዚህ ልክ ብትበላ አትቆይም። ትንሽ አካል ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፣ ስለዚህ እንደ ጭራሮ እሳት ቶሎ ቶሎ ካልተጨመረበት ይጠፋል። ልቧ በደቂቃ በመቶዎች ጊዜ ይመታል። ከመነሳቷ በፊት ስብ ታጠራቅምና፣ በዚያ ስንቅ፣ አብዛኛውን በሌሊት እየበረረች፣ በረሃ ታቋርጣለች። ከዘሮቿ መካከል ከሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ተነስተው አፍሪካ ለመድረስ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበሩ አሉ። በ10 ግራም! ጉማሬው ለግጦሽ ከውሃው ቢርቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፣ ሳይነጋ ይመለሳል።

አላናንቀውም። እሱም የሚኖርበት እየጠበበ ነው፤ ረግረጉ ለጡብ አፈር ይቆፈራል፣ ዳርዳሩ ይታረሳል። ግን ጉማሬ ቢጠፋ ከተማው ሁሉ ያወራዋል። የእሷ ቁጥቋጦ ሲመነጠር "ቦታው ጸዳ" ነው የሚባለው። ያን ሁሉ አገር አቋርጣ መጥታ የምታርፍበት ስታጣ የሚናገርላት የለም፣ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።