አንዲት ሰዓት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የትንሣኤ በዓል በሰላም አደረሳችሁ!

ይህን የምጽፍላችሁ ሌሊት ላይ ነው። ቤቱ ፀጥ ብሏል። ስልኬ ግን ፀጥ አላለም። የመልካም ምኞት መልእክት በየደቂቃው ይገባል፤ ያው ታውቁታላችሁ፣ አበባ አለው፣ ባዶ መቃብር አለው፣ የንጋት ብርሃን አለው፣ ከሥሩ የላኪው ስም ተጽፏል። ደስ ይላል። እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚያው ነበር የማደርገው። አንድ ቆንጆ ምስል እመርጥና ስልኬ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ እልካለሁ። አምና ግን አንድ ነገር ገጠመኝ። እሱን ሳልነግራችሁ ዘንድሮ "መልካም በዓል" ማለት ከበደኝ።

አምና በዚችው ሌሊት ያንን ለሁሉም የምልከውን ምስል ለአንድ የቆየ ጓደኛዬም ላክሁለት። "ከመላው ቤተሰብህ ጋር በዓሉ የደስታ ይሁንልህ" ይላል ጽሑፉ። ትንሽ ቆይቶ መለሰልኝ። "አመሰግናለሁ ወንድሜ። እናቴን ከቀበርን ሦስት ሳምንታችን ነው። ለአንተም መልካም በዓል።" በቃ ይኸው ነው። ቅሬታ የለበት፣ ወቀሳ የለበት። ስልኩን እንደያዝኩ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። የበፊቱን ንግግራችንን ወደ ላይ ገፋ አድርጌ ሳይ ከወር በፊት የላከልኝ መልእክት አለ፦ "እማዬ ሆስፒታል ገብታለች፣ በጸሎት አስባት።" ከሥሩ የእኔ መልስ። ሁለት የተጋጠሙ እጆች፣ ያቺ ትንሿ ምልክት። አንድም ቃል የለበትም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያንን ምልክት ከላክሁ በኋላ ለእናቱ አንድ ቀን እንኳን አልጸለይኩም። ረሳሁት። የሚገርመው ደግሞ በዚያ ወር መንፈሳዊ ሕይወቴ ጥሩ ላይ ነው ብዬ አስብ ነበር። አነባለሁ፣ እጸልያለሁ፣ ከጉባኤ አልቀርም። ነቅቻለሁ ብዬ ነበር። ተኝቼ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የጌቴሴማኒን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ሌላ ሆኖ ይሰማኛል። ጌታ በዚያች ሌሊት ጴጥሮስንና ሁለቱን የዘብዴዎስ ልጆች ለብቻ ይዟቸው ሄደ። የጠየቃቸው ነገር በጣም ትንሽ ነው። ተዋጉልኝ አላላቸውም። መፍትሔ አምጡ አላላቸውም። «በዚህ ቆዩ ከእኔም ጋር ትጉ» ነው ያላቸው። "ከእኔ ጋር" የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ሰው ሲጨንቀው አጠገቡ ሰው እንዲኖር ይፈልጋል፣ እሱም ፈለገ። ተመልሶ ሲመጣ ተኝተዋል። ማርቆስ እንደጻፈው ጌታ "ጴጥሮስ" ብሎ እንኳን አልጠራውም፤ ራሱ ያወጣለትን፣ ዐለት ማለት የሆነውን ስም ትቶ በድሮ ስሙ ጠራው። «ስምዖን ሆይ፥ ተኝተሃልን? አንዲት ሰዓት ስንኳ ልትተጋ አልቻልህምን?»

ይኼ እኮ በዚያችው ምሽት "ከአንተ ጋር መሞት እንኳ የሚያስፈልገኝ ቢሆን አልክድህም" ያለ ሰው ነው። ውሸቱን አልነበረም። ሰይፍ መዝዞ አንዱን ጆሮውን እስከመቁረጥ ደርሷልና ድፍረቱስ ነበረው። ለመሞት የተዘጋጀ ሰው አንዲት ሰዓት ነቅቶ መቀመጥ አቃተው። እኔን የሚነካኝ እዚህ ላይ ነው። ስለ እምነት መሞትን ሰው ሲያስበው ልቡ ይሞቃል። አንዲት ሰዓት ከተጨነቀ ሰው ጋር መንቃት ግን ልብ አያሞቅም። ጨለማ ነው፣ ይበርዳል፣ ማንም አያይህም፣ የምትናገረውም ነገር የለህም።

ሉቃስ ደግሞ ሌሎቹ ያልጻፉትን አንድ ነገር ይጨምራል። ሐኪም ነበረና ይሆን አላውቅም፣ የተኙበትን ምክንያት ጽፎልናል፤ «ከኀዘን የተነሣ ተኝተው» ነው ያገኛቸው። ከስንፍና አላለም። ከኀዘን። ይህቺን ቃል ሳስተውል በዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ ታየኝ፣ ራሴም ታየሁኝ። ብዙዎቻችን የደነዘዝነው ክፉዎች ስለሆንን አይመስለኝም። ስለደከመን ነው። ጠዋት ስልካችንን ስንከፍት ሞት እናያለን፣ ቀጥሎ ቀልድ እናያለን፣ ቀጥሎ ስደት፣ ቀጥሎ የሰው ሠርግ። ልባችን በአንድ ደቂቃ ውስጥ አራት ቦታ ተጎትቶ አይችለውምና ይዘጋል። አውራ ጣታችን ብቻ ነቅታ ስክሮል ታደርጋለች። ዓይናችን ተከፍቶ የምንተኛው እንቅልፍ ይኼ ነው፣ ጠላታችንም እንደዚህ ሆነን ሲያገኘን ብዙ መድከም አያስፈልገውም።

እንግዲህ ያ የተኛው ሰው ነው ከዓመታት በኋላ ብዕር አንስቶ «በመጠን ኑሩ ንቁም» ብሎ የጻፈልን። የጴጥሮስን የመጀመሪያ መልእክት በዚህ በዓል ሰሞን አንብቡት ብዬ እለምናችኋለሁ፤ አምስት ምዕራፍ ብቻ ነው፣ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። የጻፈው በጳንጦስ፣ በገላትያ፣ በቀጰዶቅያ፣ በእስያና በቢታንያ ለተበተኑ መጻተኞች ነው። ዛሬ ቱርክ በምንለው አገር ውስጥ፣ በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ስማቸው የጠፋ፣ በእምነታቸው ምክንያት ክፉ የሚወራባቸው ምእመናን። ሌላ ሰው "ንቁ" ቢላቸው ኖሮ ምክር ነው። እሱ ሲላቸው ግን እንቅልፍ ምን እንዳስከፈለው የሚያውቅ ሰው ነው የሚናገረው። ዶሮ ሲጮህ ሰምቷል። ጌታ ዘወር ብሎ ሲያየው አይቷል። ወደ ውጭ ወጥቶ መራራ ልቅሶ አልቅሷል።

ገና ሲጀምር «የልቡናችሁን ወገብ ታጥቃችሁ» ይላቸዋል። የዚያን ዘመን ሰው ረጅም ልብስ ነበር የሚለብሰው፤ ሊሮጥ ወይም ሥራ ሊሠራ ሲል ጫፉን ሰብስቦ ወገቡ ላይ ይታጠቃል። የተንዘላዘለ ሐሳባችሁን ሰብስቡት ማለቱ ነው። በእኛ ቋንቋ "እገሌ ታጥቋል" ከተባለ ቶሎ ትዝ የሚለን መሣሪያ ነው። ጴጥሮስ ግን ሲታጠቅ ያየው ሌላ ሰው ነው። በዚያች የመጨረሻ እራት ላይ ጌታው ልብሱን አኑሮ ማበሻ ጨርቅ ታጠቀና እግሩ ሥር ተንበረከከ። "የእኔን እግር አታጥብም" ብሎ የተከራከረውም እሱ ነበር። ታዲያ መልእክቱን ሊጨርስ ሲል ምን አለ? «ትሕትናን እንደ ልብስ ታጠቁ።» ይህን ሲጽፍ ያ ማበሻ ጨርቅ በዓይኑ ላይ አልመጣበትም ብሎ ማሰብ ይቸግረኛል።

ወደ ቅድስና እንምጣ። ይህ ቃል ብዙዎቻችንን ያስፈራናል። ቅዱስ ማለት ከሰው የራቀ፣ የማይስቅ፣ በሰው ጥፋት ፊቱ የሚጠቁር ሰው ይመስለናል። ወይም ደግሞ ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ነገር አድርገን ለራሳችን ነፃ ፈቃድ እንሰጣለን። ጴጥሮስ «በኑሮአችሁ ሁሉ ቅዱሳን ሁኑ» ሲል የጠቀሰው የቆየ ትእዛዝ ነው፣ በኦሪት ዘሌዋውያን ይገኛል። ምዕራፍ 19ን ገልጣችሁ እዩት። «ቅዱሳን ሁኑ» ካለ በኋላ እግዚአብሔር ወዴት ይወስዳቸዋል? ወደ እርሻ። ስታጭዱ የእርሻችሁን ዳር ዳር ለድሃና ለመጻተኛ ተዉለት። ወደ ክፍያ። የሠራተኛው ደመወዝ እስከ ጠዋት እጅህ ላይ አይደር። ደንቆሮውን አትስደብ፣ አይሰማህምና። በዕውር ፊት ዕንቅፋት አታድርግ፣ አያይህምና። በሚዛን አታታልል። በሕዝብህ መካከል ሐሜት ይዘህ አትዙር። ወንድምህን በልብህ አትጥላው። "ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ" የሚለው ትልቁ ቃል ራሱ እዚሁ ምዕራፍ ውስጥ፣ ከእነዚህ ተራ ተራ ከሚመስሉ ትእዛዛት መሐል ነው የተቀመጠው።

ያቺ "አይደር" የምትለዋ ቃል አትለቀኝም። የደከመ ሰው ገንዘብ አንተ ቤት ሊያድር አይገባም፤ አንተ ጥጋብ አግኝተህ ስትተኛ እሱ ነገን እያሰበ ይነቃልና። ቅድስና እንዲህ ያለ ነገር ከሆነ፣ እንግዲህ ከሰው መራቅ ሳይሆን ሌሎች የማያዩትን ሰው ማየት ነው። ራሴን ስጠይቅ፣ እኔ ዘንድ ያደረው የማን ነገር ነው? ደመወዝ ብቻ እኮ አይደለም። ይቅርታ ያድራል። ምስጋና ያድራል። "እጸልይልሃለሁ" ያልነው ጸሎት ያድራል፣ ወር ያድራል፣ እናት እስክትቀበር ድረስ ያድራል።

ስለ ፍቅር ደግሞ ጴጥሮስ በአንድ ቃል ደጋግሞ ይመጣል፦ «እርስ በርሳችሁ ከልባችሁ አጥብቃችሁ ተዋደዱ።» በምዕራፍ 4ም ያንኑ «አጥብቃችሁ» ይደግመዋል። አጥብቆ መውደድ ምን እንደሆነ ከየት አወቀ? የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12ን ሳነብ መልሱን ያገኘሁ መሰለኝ። ሄሮድስ ያዕቆብን በሰይፍ አስገድሏል። ያዕቆብ ማለት በጌቴሴማኒ አብሮት ተኝቶ የነበረው ነው። ቀጥሎ ጴጥሮስን ያዘው፣ ከፋሲካ በኋላ ሕዝብ ፊት ሊያወጣው። አራት አራት ወታደሮች ያሉባቸው አራት ጭፍሮች ይጠብቁታል። ጴጥሮስ በሁለት ሰንሰለት ታስሮ በሁለት ወታደሮች መካከል ተኝቷል። አሁንም ተኝቷል! ግን ይህ እንቅልፍ ያኛው አይደለም። ያኔ ንቃ ሲባል ተኛ። አሁን ነገ ሊገደል ተኛ፣ ሕይወቱን ለሚጠብቀው ሰጥቶ እንደ ሕፃን ተኛ፤ መልአኩ ጎኑን መትቶ እስኪያነቃው፣ "ታጠቅና ጫማህን አግባ" እስኪለው ድረስ።

በዚያች ሌሊት ያልተኙ ሌሎች ነበሩ። በማርቆስ እናት በማርያም ቤት ብዙዎች ተሰብስበው ስለ እሱ ይጸልዩ ነበር፣ ቃሉም «አጥብቀው ይጸልዩ ነበር» ይላል። ያቺ ቃል! ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ያዕቆብን በቅርብ የቀበሩ ናቸው። በጌቴሴማኒ ኀዘን ሰውን አስተኛ፣ በዚህ ቤት ኀዘን ሰውን አነቃ። እምነታቸው ፍጹም ነበር ማለት አይደለም። ሮዴ የምትባል ገረድ "ጴጥሮስ ደጅ ቆሟል" ስትላቸው "አብደሻል" ነው ያሏት። የጸለዩት ጸሎት በር ሲያንኳኳ አላመኑም። ግን ነቅተው ነበር። ለእኔ ይህ በቂ ነው። ጴጥሮስ ያንን በር ሲያንኳኳ፣ እኔ ለጌታዬ ያልነቃሁትን ሌሊት ሰዎች ለእኔ ነቅተውልኛል ብሎ አስቦ ይሆን? አላውቅም። በኋላ "አጥብቃችሁ ተዋደዱ" ብሎ የጻፈው ግን አጥብቆ የተወደደ ሰው ነው።

አንዳንዴ አንዱ ይነቃል፣ ሌላው ይተኛል። ሁላችንም በአንድ ጊዜ መበርታት አንችልም። ዛሬ አንተ በሰንሰለት መካከል ከሆንክ ተኛ ወንድሜ፣ እኛ እንነቃልሃለን። ዛሬ የደከመሽ እህቴ፣ መጸለይ አቅቶኛል ብለሽ የምትጨነቂ፣ ስምሽን ብቻ ላኪልኝ። ምልክት አልልክልሽም። እጸልያለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የትንሣኤው የምሥራች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲላክ እንዴት እንደተላከ ታውቃላችሁ? ሴቶቹ ማልደው መቃብሩ ጋ ሄዱ። በመቃብሩ ውስጥ ነጭ ልብስ የለበሰው ጎልማሳ "ተነሥቷል፣ በዚህ የለም" አላቸውና መልእክት ሰጣቸው። ለማን? ማርቆስ «ለደቀ መዛሙርቱ ለጴጥሮስም» ይላል። ጴጥሮስ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ አይደለም እንዴ? ነው። ግን "ለሁላችሁም" ቢባል እሱ አይመለከተኝም ብሎ ቀርቶ ይሆናል። የተኛውን፣ የካደውን፣ ጥግ ይዞ የሚያለቅሰውን ሰው በስሙ ጠራው። "ስምዖን" እንኳን አላለም፤ ዐለት የተባለበትን ስም መለሰለት።

ስለዚህ ዘንድሮ ምስል አልመረጥኩም። ከምሽት ጀምሮ የሰው ስም በወረቀት እየጻፍኩ ነው። ብዙ አልሄድኩም፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ስም ላይ ቆም ስል የማስታውሰው ነገር ይመጣል፤ ይቺ ሥራ አጥታለች፣ ይኼ ከወንድሙ ጋር ተኳርፏል፣ እኚህ እናት ልጃቸው ከሄደ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ለሁሉም እስክደርስ በዓሉ ሊያልፍ ይችላል፣ መልእክቴ ከዘገየባችሁ ይቅር በሉኝ።

የመጀመሪያው ስም የዚያ ጓደኛዬ ነው። አምና ያንን መልእክት ካየሁ በኋላ ደወልኩለት፣ ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ከዚያ ስለ እናቱ እንዲነግረኝ ለመንኩት። ረጅም ሰዓት አወራ። እኔ "እሺ" እና "እህ" ከማለት በቀር ብዙ አልተናገርኩም። ሊዘጋ ሲል "ስሟን ከጠራሁ ቆየሁ" አለኝ።

አሁንም ልደውልለት ነው። መሽቷል፣ ግን ነቅቶ እንደሚሆን እገምታለሁ፤ አምናም የመለሰልኝ በዚሁ ሰዓት ነበር።

ክርስቶስ ተነሥቷል! መልካም የትንሣኤ በዓል።