መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ብሮውዘር ሲመረጥ

«ክሮም ይሻላል ወይስ ፋየርፎክስ?» የሚለው ክርክር ዋይፋይ በማያልቅበት ቢሮ ሲነሳና ቱሉ ዲምቱ ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሲነሳ መልሱ አንድ አይደለም። 4 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ፣ በስልክ ሆትስፖት ለሚሠራ ሰው የፍጥነት ልዩነቱ እምብዛም አይታወቀውም። የሚታወቀው ፓኬጁ ቶሎ ማለቁና መብራት ድንገት ሲሄድ የጠፋው ሥራ ነው።

ክሮም፣ ኤጅ፣ ኦፔራና ብሬቭ ስማቸው ይለያይ እንጂ የተሠሩት በአንድ መሠረት ላይ ነው፤ ክሮሚየም ይባላል። አራቱንም መጫን ዲስክ ከመሙላት አልፎ እያንዳንዱ ዝማኔውን ለየብቻ ከእናንተው ፓኬጅ እንዲያወርድ መፍቀድ ነው። የተለየው ፋየርፎክስ ነው። የእኔ ምርጫ ፋየርፎክስን ዋና ማድረግ፣ በፋየርፎክስ እንቢ ለሚል ገጽ ደግሞ ከዊንዶውስ ጋር የመጣውን ኤጅ በተጠባባቂነት መተው ነው።

ምክንያቱ ማስታወቂያ ነው። ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለው ማገጃ ማስታወቂያውን ከዓይን መደበቅ ብቻ ሳይሆን ከነጭራሹ እንዳይወርድ ያደርጋል፤ ያልወረደ ነገር ደግሞ ዳታ አይበላም። ክሮም የኤክስቴንሽን (ብሮውዘር ላይ የሚጨመሩ እንደ ዩብሎክ ያሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ደንቡን ከቀየረ ወዲህ ሙሉው ዩብሎክ አይሠራበትም፤ የቀረለት ላይት የሚባለው ቀለል ያለው ነው። ፋየርፎክስ ላይ ሙሉው አሁንም አለ። ከዚያ በፕራይቬሲ ሴቲንግ ውስጥ አውቶፕሌይ የሚለውን ፈልጋችሁ ድምፅም ቪዲዮም እንዲያግድ አድርጉ።

ሆኖም ፓኬጅ የሚጨርሰው ሁልጊዜ ብሮውዘሩ አይደለም። ሆትስፖት እንደበራ ዊንዶውስ የራሱን አፕዴት ሊጀምር ይችላል። በዊንዶውስ 10 ሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ፣ ቀጥሎ ዋይፋይ፣ ከዚያ የሆትስፖታችሁን ስም ነክታችሁ «ሜትርድ ኮኔክሽን» (ዳታ ቆጥብ እንደማለት) የሚለውን አብሩ። የሚሠራው ለዚያ ስም ብቻ ስለሆነ የሆትስፖቱን ስም ከቀየራችሁ እንደገና ማብራት አለባችሁ።

ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ፦ ክሮም ዕትም 109 ላይ ቆሟል፤ በጥር 2015 መጨረሻ (በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2023) የወጣው ዕትም 110 ዊንዶውስ 10 ይጠይቃል። ፋየርፎክስም ለዚህ ዊንዶውስ የሚሆነው የመጨረሻው 115 ኢኤስአር የሚባለው፣ ለረጅም ጊዜ ጥገና የሚደረግለት ዕትም ነው። ባንክ በእንዲህ ዓይነቱ ኮምፒውተር ባይከፈት እመርጣለሁ።

ሌላው የተለመደ ችግር መጫኛው ነው። ከድረ ገጹ በመጀመሪያ የሚወርደው ትንሽ ፋይል ዋናውን ብሮውዘር ኋላ ከኢንተርኔት የሚጎትት ነው፤ ኔትወርክ ከተቆረጠ መሃል ላይ ይቀራል። ኦፍላይን የሚባለውን ሙሉ መጫኛ ኔትወርክ ጥሩ የሆነበት ቦታ አውርዳችሁ በፍላሽ ያዙ።

አሁን ብሮውዘር ያለ ጥፋቱ ወደሚሰደብበት ጉዳይ እንምጣ። መብራት ሄዶ ይመጣል፤ ዴስክቶፑ ይበራል፤ ጉግልም ጂሜይልም «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም። ብሮውዘሩን አጥፍቶ መጫን፣ ሲብስም ፎርማት ማስደረግ ይከተላል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባል የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባለ 3 ቮልት ባትሪ መሞቷ ነው። እሷ ስትሞት መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። እያንዳንዱ ድረ ገጽ የሚያሳየው ሰርተፍኬት ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን የሚል ገደብ ስላለው፣ የኮምፒውተሩ ቀን ከገደቡ ውጭ ከሆነ ብሮውዘሩ አያምነውም። ገመዱን ነቅላችሁ ባትሪዋን ቀይሩ፤ ከዚያ ቀኑን አስተካክሉ። ታዲያ በኛ አቆጣጠር እንዳታስገቡ! ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚሆን ያው ማስጠንቀቂያ ይመለሳል። የሰዓት ክልሉን ደግሞ ናይሮቢ በሉት፤ ዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን ብትፈልጉ አታገኙም።

ለመብራቱ መዘጋጀት ቀላል ነው። ፋየርፎክስ የተከፈቱ ታቦችን በየ15 ሰከንዱ ይመዘግባል፤ ጄኔራል ሴቲንግ ውስጥ የቀድሞዎቹን መስኮቶችና ታቦች እንዲከፍት ምልክት ካደረጋችሁ ሲመለስ ካቆማችሁበት ይቀጥላል። ወርድ ግን በየ10 ደቂቃው ነው የሚይዘው። ኦፕሽን ውስጥ ሴቭ የሚለውን ከፍታችሁ ወደ 2 ደቂቃ አውርዱት። ረጅም ማመልከቻ በቀጥታ ድረ ገጽ ላይ አትጻፉ፤ መጀመሪያ ወርድ ላይ ጽፋችሁ ገልብጡ።

ስልክ ላይ ኦፔራ ሚኒ ለዜና ጥሩ ነው። በከፍተኛ የቁጠባ ሞድ ገጹን በራሱ ሰርቨር አሳንሶ ነው የሚልከው፤ የባንክ ገጽ በዚያ መንገድ አይሂድ።

የቢሮ ሥራን በተመለከተ፣ ክራክ የተደረገ ኦፊስ ከማስገባት፣ ለዚያም ብሎ አንቲቫይረስ ከማጥፋት፣ እንደ ኦፊስ ያለው ሊብሬኦፊስ በነፃ ይበቃል። ጉድለቱ ሠንጠረዥ የበዛበት የወርድ ፋይል ሲከፈት መስመሩ መዛባቱ ነው።

አማርኛ ጽሑፍ ላይ ግን ከፕሮግራሙ ይልቅ የሚወስነው ሆሄው ነው። ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ ፎንት ዘመን የተጻፈ ደብዳቤ በውስጡ የላቲን ኮድ ስለሆነ፣ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል፤ ቴሌግራም ላይ ቢለጠፍም ያው ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ዩኒኮድ ይባላል፤ ግዕዝ እዚያ የገባው በ1999 በፈረንጆቹ ነው፤ በነፃ በሚገኘው ኪማን በተባለው የአማርኛ መጻፊያ ብትጽፉ ከዚህ ጣጣ ትድናላችሁ። ዩኒኮድም ሆኖ ኒያላ በሚባለው ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ፣ ኒያላ በሌለበት ኮምፒውተር በሌላ ፎንት ስለሚተካ አንድ ገጽ የነበረው ወደ ሁለት ሊፈስ፣ ፊርማው ብቻውን ሁለተኛው ገጽ ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ወደ ኮፒ ቤት የወርዱን ፋይል ሳይሆን ፒዲኤፉን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከመውጣታችሁ በፊትም ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ ፊርማው የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ እዩ።