ምን ይጠበስ?

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ጠረጴዛዬ ላይ የዘጠነኛ ክፍል ወረቀት ተቆልሏል። አራት ሴክሽን አስተምራለሁ፤ በየሴክሽኑ 55 ልጅ አለ፣ ከሁሉም ብሰበስብ 220 ወረቀት መሆኑ ነው። አንዱን በአምስት ደቂቃ ላርም ብል 1,100 ደቂቃ ይፈጅብኛል፤ ከ18 ሰዓት በላይ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ክፍል መግባት አለ። እናም ለዓመታት ሳደርግ የኖርኩትን እዚህ ልናዘዘው፦ ፊደል የሳተውን አከብባለሁ፣ «ሀ»ውን ከ«ሐ»ው አስታርቃለሁ፣ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ መኖሩን በዓይኔ እቆጥራለሁ፣ ጽሕፈቱ ካማረ ከ10 ስምንት፣ ካላማረ ስድስት። ጽሑፉ ሰው ያሳምን አያሳምን አንድም ቀን ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ለነገሩ እኔንም የጠየቀኝ የለም። ልጆቹ ሚኒስትሪ ሲፈተኑም ሆነ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ሲቀመጡ የሚጠበቅባቸው ከተደረደሩት ምርጫዎች አንዱን ማጥቆር ነው። አንቀጽ ጻፉ የሚላቸው የለም። ድርሰት የእኛ የቋንቋ መምህራን ጣጣ ሆኖ ቀርቷል።

ጥቅምት ላይ አከራካሪ ድርሰት ጋ ደረስን። የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ከ6 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ተኩል ይዘጋል። «በምሳ ሰዓት ክፍት እንዲሆን ርዕሰ መምህሩን አሳምኑ» አልኳቸው። ከመጣልኝ ወረቀት ግማሽ ያህሉ «እንደሚታወቀው» ብሎ ይጀምራል፤ ከቀረው ብዙው «ከጥንት ጀምሮ»። መጨረሻው ላይ ሁሉም አንድ ቦታ ይገናኛሉ፦ «የሚመለከታቸው አካላት ትኩረት ሊሰጡት ይገባል»፤ «ሁላችንም የበኩላችንን እንወጣ»። የ15 ዓመት ልጅ የጻፈው ሳይሆን የሁለት ሰዓት ዜና የማነብ ነው የመሰለኝ። ከታወቀ ለምን ትነግረኛለህ? የሚመለከተው አካል ማን ነው? ስም የለውም? ቢሮ የለውም?

አንዷ፣ ከኋላ መስኮት ጥግ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ፣ «እንደሚታወቀው ቤተ መጻሕፍት የዕውቀት ማኅደር ነው» ብላ ጀምራ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈች። ጽሕፈቷ የታተመ ይመስላል። ከ10 ዘጠኝ ሰጠኋት።

በዚያው ሳምንት ፈተናው አርብ ነው ብዬ ክፍል ውስጥ አወጅኩ። ያቺው ልጅ በእረፍት ሰዓት ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። «ቲቸር፣ አርብ እኮ ፊዚክስም አለብን። አንቺም ቅዳሜና እሑድሽን ስታርሚ ልትውዪ ነው። ሰኞ ብታደርጊው ግን ማክሰኞ ሦስተኛና አራተኛ ክፍለ ጊዜ ባዶ ነሽ፤ እዚያው ታርሚዋለሽ።» ፕሮግራሜን ከእኔ ይበልጥ ታውቀዋለች። ፈተናው ሰኞ ሆነ።

ቤቴ ገብቼ ቡና ሳፈላ ነው ነገሩ የመጣልኝ። ይቺ ልጅ እኔን በሦስት ዓረፍተ ነገር ረታችኝ። ምን እንደሚያስጨንቀኝ አውቃ ነው የመጣችው፤ እሺ የምልበትን መንገድ ጠርጋ ነው ያቀረበችልኝ። «ፈተና ለትምህርት ጥራት ያለው ሚና» አላለችም። ወረቀት ስሰጣት ግን ያንን ሁሉ አፏን ጥላው የሌላ ሰው አፍ ትበደራለች። ያስተማርናትም እኛ ነን፤ ዘጠኝ እየሰጠን።

አያቴ የድሮ ሙግት ትዝታ የሞላባቸው ሰው ነበሩ። በላ ልበልሃ ሲሉ ከተቀመጡበት ብድግ ይላሉ፣ ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ፤ ዛፍ ሥር ዳኛ ፊት የቆሙ ነው የሚመስላቸው። ተሟጋች በማር በበቅሎ ይወራረድ እንደነበር፣ ሁለት ባላንጣዎች መንገደኛ አስቁመው «ፍረደን» ይሉ እንደነበር ያጫውቱኝ ነበር። ያን ጊዜ ተረት ነበር የሚመስለኝ። አሁን ሳስበው እዚያ ሙግት ላይ ባላንጣህ ክንድ ሙሉ ርቀት ላይ ቆሟል። ባዶ ቃል ብትወረውር ቀልቦ መልሶ ይመታሃል። ወረቀት ላይ ግን የሚመታህ የለም፤ ወረቀት ታጋሽ ነው፣ የጫንክበትን ሁሉ ይሸከማል።

ስለዚህ ባላንጣ ፈለግኩላቸው። የሁለተኛው ሴሚስተር መጀመሪያ ላይ ሁለት ሁለት አድርጌ አስቀመጥኳቸውና ወረቀት አቀያየርኳቸው። ሥራቸው አንድ ብቻ፦ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ኅዳግ ላይ በእርሳስ «ምን ይጠበስ?» ብሎ መጻፍ። መልስ ያለው ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ብቻ ማለፍ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። (አንድ ልጅ የጓደኛውን ወረቀት ኅዳጉን ብቻ ሳይሆን ርዕሱንም ጭምር ሞላው፤ ሊደባደቡ ነበር።)

የዚያችን ልጅ ወረቀት በእርሳስ እየተበላ ቆሜ አየሁት። «ቤተ መጻሕፍት የዕውቀት ማኅደር ነው።» ምን ይጠበስ? «ለአንድ አገር ዕድገት ወሳኝ ነው።» ምን ይጠበስ? «በመሆኑም ሊተኮርበት ይገባል።» ምን ይጠበስ? ገጹ አለቀ። ልጅቷ ፊቷ ቀላ፣ ወረቀቱን ገለበጠችና በጀርባው «ቤታችን ሩቅ የሆነ ልጆች ምሳ ከበላን በኋላ የምንቀመጠው ፀሐይ ላይ ነው» ብላ ጻፈች። የጎረቤቷ እርሳስ ቆመ። ከ10 ዘጠኝ የሰጠሁት ገጽ ውስጥ ይህች ዓረፍተ ነገር አልነበረችም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። እኛ አማርኛ መምህራን ሰምና ወርቅ እንወዳለን። ልጅ ሐሳቡን ሲሸፍን «አዋቂ ነው» እንላለን። ለቅኔ ይሁን፣ እሰየው። ርዕሰ መምህሩ ግን ጠረጴዛው ላይ ሃያ ደብዳቤ አለው፤ ተቀምጦ ሰም የሚያቀልጥበት ጊዜ የለውም።

ቀጥሎ የጠየቅኳቸው፣ በሩን የሚዘጋው ማን ነው የሚለውን ነው። ዝም አሉ። ጥቅምት ላይ ከጻፉት ውስጥ አንዳንዱ «የሠራተኞች ለሥራ ትኩረት ማጣት» ይል ነበር፤ እኔም ሳነበው ልክ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ሄደን እንጠይቅ አልን። ልጅቷና ሌሎች ሁለት ልጆች ቤተ መጻሕፍት ሄዱ፤ እኔ በር ላይ ቆምኩ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው።

«እትዬ፣ ለምሳ ነው የሚዘጉት?»

«ምን ምሳ አለኝ የኔ ልጅ፣ ጾም አይደል?» አሉ። «እዚህ ያለው መጽሐፍ ሁሉ በእኔ ፊርማ ነው የተያዘው። አንድ ቢጎድል ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው። ረዳቴ ስድስት ሰዓት ሲል ይወጣል። ብቻዬን ስንቱን እጅ ልጠብቅ?»

220 ልጅ ጽፎ፣ እኔ 220ውን አርሜ፣ ይህን ያወቀ አንድ ሰው አልነበረም። ሁላችንም መጽሐፍ ወርቅ ነው ስንላቸው ከርመናል። ወርቅ መሆኑንማ እሳቸው በደመወዛቸው ያውቁታል።

ልጅቷ ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ በምሳ ሰዓት በሩ ላይ ቆማ መጥቶ የተመለሰውን ልጅ ቆጠረች። ሐሙስ የሰጠችኝ ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ጉዳዩ፦ ቤተ መጻሕፍት በምሳ ሰዓት እንዲከፈት ስለመጠየቅ። በሦስት ቀን ውስጥ 41 ተማሪዎች መጥተው በሩ ተዘግቶባቸው ተመልሰዋል። የሚዘጋው መጽሐፍ እንዳይጠፋ መሆኑን ኃላፊዋን ጠይቀን ተረድተናል። ስለዚህ በምሳ ሰዓት ከመደርደሪያ መጽሐፍ አናነሳም፤ የራሳችንን ደብተር ብቻ ይዘን እንገባለን። ቦርሳ በር ላይ ይቀራል። በየቀኑ ሁለት ተማሪዎች ተረኛ ይሆናሉ፤ የአንድ ወር ተረኞች ስም ዝርዝር ተያይዟል።»

ሁለት የፊደል ግድፈት አለበት። ቀይ እስክሪብቶዬ እጄ ላይ ነበር፤ ክዳኑን ገጠምኩት። (በኋላ በቃል ነገርኳት፣ አስተካከለችው።) ወደ ርዕሰ መምህሩ ከመሄዱ በፊት ኃላፊዋ እንዲያዩት አልኳት። መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡት። «ቦርሳ በር ላይ አይቀርም፤ ይሰረቅና ደግሞ በእኔ ይላከካል። ጠረጴዛዬ ሥር ይሁን» አሉ። ሰረዘችና ጻፈችው። ከዚያ ወዲያ የተናገሩት ነገር የለም፤ ወረቀቱን ግን ወዲያው አልመለሱላትም፣ የተረኞቹን ስም አንድ በአንድ ሲያዩ ቆዩ።

ሌሎቹ ወረቀቶች እንዲህ ሆኑ ብዬ አልዋሽም። አሁን ፊቴ ካለው ክምር ውስጥ እንኳ «እንደሚታወቀው» አልጠፋም፤ «ሁላችንም እንደምናውቀው» የሚል ዘመድ ይዞ መጥቷል። አንዱ ደግሞ ስለ በላ ልበልሃ ያወራሁትን ቃል በቃል ይዞ ርዕሰ መምህሩን «በማር እወራረዳለሁ» ብሏቸዋል። ይኸኛውን ሳልወድ አልቀረሁም። ሁሉንም ማረም ትቻለሁ፤ በየሳምንቱ ከአንዱ ሴክሽን ብቻ እሰበስባለሁ፣ ከእያንዳንዱም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓረፍተ ነገሮችና እምቢ ለሚለው ሰው የተሰጠውን መልስ ብቻ አነባለሁ። የቀረውን ጎረቤት በእርሳስ ይጨርሰዋል።

ደብዳቤው ትናንት ተመለሰ። ርዕሰ መምህሩ ጥግ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለአስተዳደር፦ ታይቶ ይወሰን» ብለው ፈርመውበታል። ልጅቷ ይዛው መጣች።

«ቲቸር፣ ተመርቷል ማለት እሺ ነው እምቢ?»

«ሁለቱንም አይደለም» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «አስተዳደር ያሉት ሰውዬ የሚፈሩት ምንድን ነው?»

አላውቅም አልኳት። ደብተሯን ይዛ ልትጠይቃቸው ሄደች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተመለሰች። ቢሮው ለምሳ ተዘግቷል።