ከየትኛው ገመድ?

«ቲቸር፣ ከሩቁ ልወርውር?» አለችኝ የአንደኛ ክፍሏ ልጅ።

ዛሬ እዚህ ሐዋሳ፣ ትምህርት ቤታችን ውስጥ የትንንሾቹ የስፖርት ቀን ነበር። ሩጫ የለም፤ ኢላማ መምታት ብቻ። የካልሲ ኳስ፣ አሸዋ የገባባቸው የሃይላንድ ጠርሙሶች (ባዶ ከሆኑ የሐይቁ ንፋስ ይጥላቸዋል)፣ መሬት ላይ የተዘረጉ ሦስት ገመዶች። ከየትኛው ገመድ እንደሚወረውር የሚመርጠው ልጁ ራሱ ነው።

ልጅቷ ከቅርቡ ገመድ ወርውራ ጣለች። ወደ ሩቁ ሄደች፤ ሳተች። ማንም ምንም ሳይላት ወደ መሀለኛው መጣች። ግራ እግሯን አስቀደመች። አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ምላሷን በከንፈሯ መሀል ይዛ፣ ቀኝ እጇን ከታች ወደ ላይ ወዝወዝ አደረገች። ጠርሙሱ ወደቀ። ከኋላዋ ያሉት «ተራ! ተራ!» ሲሉ እሷ ወደ ሩቁ ገመድ እያየች ነበር።

ሩጫ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፉት እነዚያው ልጆች ናቸው። ሌሎቹ ገና በሰባት ዓመታቸው «እኔ ስፖርት አልችልም» ብለው ዳር ይቀመጣሉ። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ኢላማ ላይ ግን ጉልበት ብቻውን አያዋጣም፤ ርቀት መገመት፣ ኃይል መመጠን ያስፈልጋል። ቦቻ የሚባለውን የኳስ ውርወራ ጨዋታ እዩት። ተጫዋቾቹ ዊልቸር ላይ ሆነው ኳሳቸውን ኢላማ ወደሆነችው ነጭ ኳስ ያስጠጋሉ። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፓራሊምፒክ ስፖርት ነው።

ወላጆች፣ ቤት ውስጥም ሞክሩት። አሮጌ ካልሲና ጥቂት ጠርሙስ ይበቃል።