ትራንስክሪፕቴ ላይ ደብሊው ይዤ ለእግር ሕክምና ሬዚደንሲ ያመለከትኩበት መንገድ

አሜሪካ ውስጥ በፖዲያትሪ (የእግር ሕክምና) ትምህርት ቤት አብዛኛው ኮርስ የሚሰጠው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ያመለጠ ተማሪ ዓመት ይጠብቃል፤ የሚቀጥለውም ትምህርት በዚያው ላይ ስለሚመሠረት አብሮ ይጓተታል። እኔ ያቋረጥኩት ከዳሌ በታች ያለውን አካል አናቶሚ ነበር፤ ደብሊው (W) ማለትም ኮርስ መቋረጡን የሚያሳየው ምልክት ትራንስክሪፕቴ ላይ የገባው በዚህ ነው። የእግር ሐኪም ሊሆን የሚማር ሰው ከዚህ የከፋ ምርጫ አያገኝም የሚል ካለ አልከራከረውም፤ ግን የመረጠልኝ ሐሞት ከረጢቴ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ኢንፌክሽን ተጨምሮብኝ ለሳምንታት ተኛሁ። ሌሎቹን ኮርሶች በተቀረጸ ቪዲዮ መከታተል ይቻል ነበር፤ የአስከሬን ላቦራቶሪ ግን በቪዲዮ አይሠራም።

ፎርሙን ከመፈረሜ በፊት ወደ ሬጅስትራር ሄድኩ። እስከ ማቋረጫው ቀን ከወጣሁ ደብሊው ብቻ ይጻፋል፤ ቀኑ ካለፈ ግን ሲወጣ እያለፈ ነበር ወይስ እየወደቀ የሚለውም አብሮ ይመዘገባል አሉኝ። ደንቡ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስለሚለያይ የራስን መጠየቅ ግድ ነው። ደብሊው አማካይ ውጤት ውስጥ አይገባም፣ ኤፍ ግን ይገባል። ከምረቃ በኋላ በሆስፒታል የሚያሠለጥኑ አንዳንድ የሬዚደንሲ ፕሮግራሞች ደግሞ የአማካይ ውጤት ወለል አላቸው፤ ከወለሉ በታች የወደቀ አመልካች ምክንያቱን የሚያስረዳበት ዕድል እንኳ ላያገኝ ይችላል። ስሌቱ ይኸው ነበር።

የገንዘብ ድጋፍ ቢሮውን ብዙ ተማሪ ይረሳዋል። በፌዴራል ብድር ለሚማር ሰው የተቋረጠ ኮርስ የተሞከረ ግን ያልተጠናቀቀ ተብሎ ይቆጠራል፤ ያጠናቀቀው ከሞከረው ጋር ሲነጻጸር ትምህርት ቤቱ ካስቀመጠው መጠን ከወረደ ብድሩ ሊቆም ይችላል። ሴሚስተሩን በሙሉ ከ60 በመቶው በፊት የሚያቋርጥ ሰው ደግሞ ከተሰጠው ገንዘብ የተወሰነው ተመላሽ ይሆናል። አንዱን ኮርስ ብቻ አቋርጬ በሌሎቹ የቀጠልኩት በዚህ ምክንያት ነው። ሜሪላንድ ያለችው አክስቴ «ታዲያ አባረሩህ ማለት ነው?» ብላ ደጋግማ ስትጠይቀኝ ግን የብድር ደንብ ማስረዳቱ ምንም አልጠቀመኝም።

የምረቃ ዓመቴ በአንድ ዓመት ተገፋ። እንደ እውነቱ ከሆነ ከደብሊው ይልቅ ዓይን የሚስበው ይህ ነው፤ በአራት ዓመት የሚያልቀው ትምህርት አምስት ሆኖ ሲታይ ማንም ይጠይቃል። ኮርሱን ደግሜ ስወስድ ኤ ማይነስ አገኘሁ። አዲሱ ውጤት የቀድሞውን ደብሊው አያጠፋውም፤ ሁለቱም በየሴሚስተራቸው ይታያሉ። ለእኔ መታየታቸው ጠቀመኝ። ከዚያ የብሔራዊ ቦርድ ፈተናውን የመጀመሪያ ክፍል አለፍኩ። ይህ ፈተና ለፕሮግራሞች የሚነግራቸው ማለፍን ወይም መውደቅን ስለሆነ፣ አለፍኩ የሚለው ቃል አናቶሚውን አያውቅ ይሆን የሚለውን ጥርጣሬ ብዙ ያቀለዋል።

ካስፐር በተባለው የጋራ ማመልከቻ ሥርዓት ውስጥ ስለ ራስ የሚጻፈውን ጽሑፍ ሳዘጋጅ አማካሪዬ ስለ ሕመሜ አንቀጽ እንድጽፍ ፈለገች። አልጻፍኩም። ያንን ገጽ የሰጠሁት በጎጃም ደጋ በቀዩ አፈር ላይ በባዶ እግር ሲሄዱ ኖረው እግራቸው ላበጠ ዘመዶቼ ነው። ፖዶኮኒዮሲስ ጫማና ንጽሕና ሊከላከሉት የሚችሉት በሽታ ሆኖ ሳለ የቤተሰብ እርግማን ተደርጎ ሲወራ ያደገ ሰው ለምን እግር እንደመረጠ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ስለ ደብሊው ያዘጋጀሁት አጭር መልስ ብቻ ነበር። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልኝም ካነሱት በዚያው ቃል እንዲያነሱት ጠየቅኋቸው።

ከሁሉም የሚመዝነው ግን ኤክስተርንሺፑ ነው። በአራተኛው ዓመት ተማሪው በየሆስፒታሉ አንድ አንድ ወር ይሠራል፤ በኋላ የሚመርጡት ሐኪሞች እዚያው ያዩታል። ጎህ ሳይቀድ ገብቶ የስኳር ሕመምተኞችን የእግር ቁስል በፋሻ ማሰር፣ የታማሚውን ታሪክ ሳያዛቡ በአጭሩ ማቅረብ፣ ሌሊት የተጠራ ሬዚደንት ሳያጉረመርሙ መከተል፤ በዚያ ወር ትራንስክሪፕቴን የጠየቀኝ አልነበረም። ጥሩ ወር ያሳለፍኩባቸው ቦታዎች ሁሉ ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ።

ጃንዋሪ ላይ በቃለ መጠይቁ አንድ ሐኪም ጣቱን ደብሊው ላይ አሳርፎ «ይህስ?» አለኝ። «ቀዶ ሕክምና አድርጌ ላቦራቶሪው አመለጠኝ፤ በዓመቱ ደግሜ ወስጄ ኤ ማይነስ አገኘሁ» አልኩና ዝም አልኩ። ዝም ማለቱ ነበር ከባዱ፤ በእኛ ቤት ምክንያት የሚነገረው ከአያት ተጀምሮ ነው። እሱ ግን ወዲያው «ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ የሚያልፉትን ከፊት ወደ ኋላ ቁጠርልኝ» አለ። ቲቢያሊስ ፖስቴሪየር፣ ፍሌክሰር ዲጂቶረም ሎንገስ፣ ደም ቅዳውና ደም መልሱ፣ ነርቩ፣ በመጨረሻም የአውራ ጣቱ ጅማት። የተቋረጠው መሠረታዊ ኮርስ ሲሆን እውነተኛው ጥያቄ አሁንስ ታውቀዋለህ ወይ የሚለው ነው፤ ስለዚህ ከማብራሪያው ይበልጥ ያጠናሁት ትምህርቱን ነበር።

ይህ ሁሉ ለአንድ ደብሊው ነው። ሁለትና ሦስት ያለው ሰው፣ በተለይ ደግሞ የቦርድ ፈተናውን በመጀመሪያው ሙከራ ያላለፈ፣ ከባድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ የእኔ አጭር መልስ ለእሱ አይበቃም።

ማርች ላይ ምደባው ወጣ፤ የሦስት ዓመቱን ሬዚደንሲ አገኘሁ። ከዚያ የሥልጠና ፈቃድ ፎርም ሲመጣ በትምህርትዎ ላይ መቋረጥ ነበረ ወይ የሚል ሣጥን አገኘሁበት። አዎ ብዬ ምልክት አድርጌ ያንኑ መልስ ቀኑን ጨምሬ ጻፍኩ፤ ከሆስፒታሉ ያስቀመጥኩትን ደብዳቤም አያያዝኩ።