የዛፍ ፎቶ ስትቆርጡ ከሰማዩ ጀምሩ
ጫካ ውስጥ የተነሳ የዛፍ ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በትርፍ ነገር ነው። ዛፉ ቆንጆ ሆኖ ሳለ ዓይናችን ከላይ በቅርንጫፎቹ መሀል ወደሚያበራው ነጭ ሰማይ ይሄዳል፣ ዓይን መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ብርሃን ነዋ። ስለዚህ መቁረጥ የምጀምረው ከዚያ ነው። ከዚያ ጠርዞቹን እዩ። ግማሽ ግንድ ጠርዝ ላይ ካለ ጨርሶ አውጡት። ሥሩን ግን አትንኩብኝ! ዛፉ መሬት የያዘበት ቦታ ካልታየ ፎቶው ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ለረጅም ግንድ አግድሙን ፎቶ ወደ ቁመት፣ 4 በ5 አድርጉት። 6000 በ4000 ፒክስል ከነበረ 3200 በ4000 ይቀራችኋል፤ ይሄ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 27 በ34 ሴንቲሜትር ገደማ አሳምሮ ይታተማል። ዛፉ ካዘነበለ ደግሞ በሚያዘነብልበት በኩል ሰፋ ያለ ቦታ ተዉለት።