ዳግም ተማሪ ለሆነ መምህር፦ ከፕሮጀክተሩ ይጀምሩ

የክፍል ቴክኖሎጂ ለመማር የተመለሰ መምህር መጀመሪያ እጁን ማስለመድ ያለበት በፕሮጀክተር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሌላው ሁሉ የሚታየው በእሱ ነውና። ገመዱ ተሰክቶ «ሲግናል የለም» ካለ፣ ብዙ ጊዜ ፕሮጀክተሩ ምስል የሚጠብቀው ከሌላ መሰኪያ ነው። «ሶርስ» የሚለውን ተጭነው ገመዱ የገባበትን ኤችዲኤምአይ 1 ወይም 2 ይምረጡ። እምቢ ካለ በኮምፒውተሩ ላይ የዊንዶውስን ቁልፍና «ፒ»ን አብረው ይጫኑ፤ ከዚያ የኮምፒውተሩ ምስል በፕሮጀክተሩም እንዲታይ «ዱፕሊኬት»ን ይምረጡ።

ምስሉ ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ ፕሮጀክተሩ ወደ ላይ ቀና ብሏል። ኪስቶንን (የተዛባ ምስልን የሚያቃናውን የፕሮጀክተሩን ማስተካከያ) ከመንካትዎ በፊት ፕሮጀክተሩን ራሱን ከፍ አድርገው ያስተካክሉት፤ ኪስቶን ፊደል ያደበዝዛል። በሚያሳዩት ጽሑፍ ላይ የፊደሉ መጠን ከ28 ነጥብ አይነስ፤ አለዚያ «ቡ» እና «ቢ» ከኋላ ወንበር አይለዩም። ሲጨርሱ ያጥፉት እንጂ ሶኬቱን ወዲያው አይንቀሉ፤ አምፖሉ እንዲቀዘቅዝ ማራገቢያው እስኪቆም ይጠብቁ።